የበሩ አምፖል

በእኛ ሰፈር ጎረቤት በር አያንኳኳም። ገፍቶ ገብቶ፣ ግቢው መሀል ከደረሰ በኋላ ነው «ቤቶች!» የሚለው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገው ወንድሜ ይህን እንዴት እንደረሳው እስካሁን ይገርመኛል።

ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚያፍስበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ቆጥ ላይ ወጣ። እናቴ «ልጄን አልሰጥም» ብላለች፤ እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው። አሳሾች ከመጡ ከቆጥ ወርዶ፣ በጓሮ በር ወጥቶ፣ አጥሩን ሾልኮ ጎረቤት መግባት ነበረበት። ችግሩ፣ ከቆጥ ላይ የግቢው በር አይታይም።

እጁ አርፎ መቀመጥ የማያውቀው ወንድሜ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ አምፖል ነቀለ። ከቲማቲም ቆርቆሮ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጦ በግቢው በር መቃን ላይ በሚስማር መታ። ሽቦውን በአጥሩ ሥር ቀብሮ እስከ ቆጡ ሳበና ከራዲዮናችን ባትሪ ድንጋዮች ጋር አገናኘው። ደወል ያላደረገው አሳሾቹ እንዳይሰሙ ነው። መጀመሪያ ሲሞክረው በሩ ሲዘጋ በራ፣ ሲከፈት ጠፋ።

«ፊዚክስ ያስተማሩህ ይህንን ነው?» አለች እናቴ።

የተዘጋው በር አንዱን ቆርቆሮ ገፍቶ ከሌላው እንዲያርቀው አድርጎ አስተካከለው። አሁን በሩ ሲከፈት አምፖሉ ይበራል።

በማግስቱ ግን አበሳውን አየ። ወንፊት የሚዋስ መጣ፤ በራ። እርሾ ፈላጊ መጣች፤ በራ። ወንድሜ እየዘለለ ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። «ኧረ ልቤ ሊወልቅ ነው!» ሲል እናቴ ለጎረቤቶቿ በየቤታቸው እየዞረች ሹክ አለች፦ «ከዛሬ ጀምሮ በጓሮ ግቡ።» ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም። እንደ ልባቸው መራመድ የማይችሉት ወፍራሟ ጎረቤታችን እንኳ ነጠላቸው በእሾህ እየተቀደደ በአጥሩ ይሾልኩ ነበር፤ የሚራገሙት ግን መንግሥትን እንጂ እኛን አልነበረም። እነዚያን ሰዎች ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

ለአንድ ሰው ብቻ አልተነገረም፤ ለቀበሌው ዘበኛ። እሳቸውም ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ከቤቱ ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እናቴ ታዝንላቸዋለች፣ ትፈራቸዋለችም። «ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው፤ ከጠየቋቸው ይናገራሉ» ትላለች። ሲመጡ በር ላይ ቆማ ሰላምታውን ታሳጥረው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለወንድሜ ምሳ ይዤ ቆጥ ላይ ሳለሁ አምፖሉ በራ። ጠፋ። መልሶ በራ፤ ጠፋ።

«ሽቦው ላልቷል» አለ ወንድሜ።

በዚህ መሀል የዘበኛው ድምፅ ከውጭ ተሰማ፤ ሰውየው እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ይሄ በር ማጠፊያው ወልቋል! ቆዩ፣ ላስተካክለው!»

«ግፋው እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ ሌላ ሰው።

አምፖሉ እንደገና በራና ጠፋ። ወንድሜ ጉርሻውን ሳይውጥ ዘሎ ወረደ። እኔ አምፖሉን በጨርቅ ሸፈንሁት። አሳሾቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ ያገኙት እኔንና ሳህኑን ነው። ዘበኛው ከታች ሆነው ወደ መሬት ያዩ ነበር።

አሳሾቹ ከሄዱ በኋላ ወንድሜ ከጎረቤት ተመለሰ። አመሻሹ ላይ ዘበኛው ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። የመጡት በጓሮ ነው፤ ካፖርታቸው ላይ እሾህ ተሰክቷል። እናቴ ደንግጣ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ሰፈሩ በሙሉ በጓሮ ሲገባ እኔ ብቻ በበር ስገባ አይገባኝም? ሽቦውንም አይቼዋለሁ።»

እናቴ አፈረች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ...» ስትል አቋረጧት።

«ተይው እህቴ። እናት ነሽ። ይልቅ መብራቱን አሳዩኝ።»

ወንድሜ እጃቸውን ይዞ ቆጥ ላይ አወጣቸው። እኔ ሮጬ በሩን ከፈትሁና ሳልዘጋው ተመለስሁ። አምፖሉ ፊታቸው ላይ በርቷል። በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ለኔም ልጅ ይህችው ትበቃው ነበር» አሉ።