ካሳሁን የሌለበት መዋዕለ ሕፃናት

የልጅ ልጄን ለማምጣት ጎተራ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ወዳለው መዋዕለ ሕፃናት ስሄድ፣ የተቀረፀ እርሳስና የምሳ ዕቃ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበለኛል። ባለፈው ሳምንት መምህሯ «ናሆም» ብላ ስትጣራ አራት ሕፃናት ቦርሳቸውን እየጎተቱ ብድግ አሉ፤ ከአራቱ አንዱ የኔው ነው። ቀጥላ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ካሳሁን እባላለሁ ስላት ፈገግ ብላ «ደስ ይላል፣ የድሮ ስም ነው» አለችኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ በአራት ሕፃናት ቀናሁ።

ቅናቱ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ በካዛንቺስ ግቢያችን ናሆም የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ የግቢው ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ያን ያልተለመደ ስም ለመጥራት ብለው ብቻ ያስቆሙታል፣ ትርጉሙን ይጠይቁታል፣ እሱም ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ እንደ ባለሥልጣን ያልፋቸዋል። እኔ ግን በክፍላችን ከነበርነው ሦስት ካሳሁኖች አንዱ ነበርኩ። መምህራችን አንዱን ረጅሙ ካሳሁን፣ አንዱን የቄራው ካሳሁን ብለው ከለዩ በኋላ ለኔ መለያ ስላጡ «ያኛው ካሳሁን» ይሉኝ ነበር። ጥፋት ሲገኝ ደግሞ ሁልጊዜ ያኛው ነው።

አንድ ቀን እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ለምን ናሆም እንዳላለችኝ ነዘነዝኳት። ከኔ በፊት ወንድ ልጅ እንደነበራት፣ ኩፍኝ እንደወሰደባት፣ እኔ ስወለድ ጎረቤቱ ሁሉ «ካሳ ይሁንሽ» ብሎ እንደመረቃት ነገረችኝ። የሟቹን ስም ስጠይቃት ሰፌዷን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። በኋላ ስንጠያየቅ ረጅሙም የቄራውም ካሳሁን ከበላያቸው የሞተ ወንድም ነበራቸው፤ ለካ ስሙ የበዛው ሐዘኑ በየቤቱ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ወዲያ በናሆም መቅናቱን ትቼ ዓይቼው በማላውቀው ወንድሜ መቅናት ጀመርኩ። ትኩሳት ይዞኝ እናቴ ግንባሬን ስትዳብስ፣ የምትዳብሰው የማንን ግንባር እንደሆነ እጠራጠር ነበር፤ ስትስቅልኝ እንኳ ከሱ የተረፈውን የምትሰጠኝ ይመስለኛል።

ልጄን ናሆም የሚለውን ስም ለምን እንደመረጠ ስጠይቀው «በቃ፣ ደስ ብሎን ነዋ አባዬ» አለኝ። ዛሬ ሕፃናት ይከተባሉ፣ ያደጋሉ፤ በሞተ ወንድሙ ፈንታ እናቱን ሊክስ የሚወለድ ልጅ ጠፍቷል፤ ይህ መልካም እንደሆነ አይጠፋኝም። ሆኖም ለራሱ ብቻ የተወለደ ልጅ ሳይ ያንገበግበኛል። ግቢያችን ፈርሷል፤ ያኛው ካሳሁን ብሎ የሚያስታውሰኝም ሰው አላገኘሁም።

እናቴ በመጨረሻው ዓመቷ ሰው መለየት ተስኗት ነበር። አንድ ማለዳ ሻይ ይዤላት ስገባ ፊቷ በርቶ ከትራሷ ቀና አለችና «ተስፋዬ» አለችኝ። በቤታችን ሲጠራ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባኝ። የኔን ስም እንደዚያ ባለ ድምፅ ጠርታው አታውቅም። ላርማት አፌን ከፈትኩ፣ ደስታዋን ሳይ ግን አልቻልኩም።

«አቤት እማዬ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ካሳሁን ብላ አልጠራችኝም።