በሜትር የተለካ በረራ

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ በስሙ መጠራት ካቆመ ቆይቷል፤ ደንበኛው ሁሉ «ጋሽ ነገ» ነው የሚለው። «ልብሴ ደረሰ ወይ?» ሲባል ሌላ መልስ ስለማያውቅ ነው። እሱም አይከፋውም፤ «እናቴ ያወጣችልኝ ስም እንኳ እንዲህ ልኬ አልሆነም» ይላል።

ልጁ ባሕር ማዶ ልታገባ ነው። ሚስቱ ለድግሱ ቀድማ ሄዳለች። ለእሱ የቀረለት አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የሙሽራዋን ቀሚስ በእጁ ሰፍቶ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሚሆነው ሠርግ በፊት ማድረስ።

ትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ካርታ አየ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከከተማ ከተማ ዘረጋው፤ የአውሮፕላኑን ፍጥነት ጠየቀና መዳፉ ላይ በጠመኔ አሰላ።

«ስምንት ሰዓት! ዓርብ ጠዋት ብነሳ ለእራት እደርሳለሁ።»

«ጋሼ፣ እሱ ወፍ ቢሆኑ ነው» አለች ትኬት ሻጯ። «መሃል ላይ ወርደው አውሮፕላን ይቀይራሉ፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የዓርቡ የሚያደርስዎት ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው። ረቡዕ ይሂዱልኝ።»

ረቡዕ እንዳይሄድ ቀሚሱ ገና እጅጌ አልወጣለትም። «ጎህ ሲቀድ ከደረስኩ ምን ጎደለኝ?» ብሎ የዓርቡን ቆረጠ።

አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከፊቱ ያለው ስክሪን መንገዱን እንደ ቀስት አጉብጦ ሲያሳየው፣ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረ።

«እህቴ፣ አብራሪው መንገድ የሳተ አልመሰለሽም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምድር ክብ ናት እኮ! ካርታ ላይ የጎበጠው ነው አጭሩ።»

አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ የቦርጫም ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው ምድርን እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ ለካት! «ሱሪ ብሰፋላት ኖሮ ቁልፉ አይዘጋላትም ነበር» ብሎ በራሱ ሳቀ።

አውሮፕላን የሚቀይርበት ቦታ ሲደርስ ቀሚሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የቀሩትን የጀርባ ቁልፎች መትከል ያዘ። አሁንም አሁንም የእጅ ሰዓቱን ያያል። ገና ነው። የመጨረሻውን ክር በጥርሱ በጥሶ ሲነሳ ግን መሳፈሪያው በር ተዘግቷል። ለካ ሰዓቱ የሚቆጥረው የቤቱን ሰዓት ኖሯል፤ እዚህ ቀኑ ቀድሞት ሄዷል።

«ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ነገ፣ በዚሁ ሰዓት» አለው ሠራተኛው።

«ነገ» የምትለው ቃል ለሚሰማት ሰው እንዴት እንደምትመር ያን ቀን ቀመሳት።

ለልጁ ስልክ ደወለ። «ልጄ፣ አባትሽ ጉድ ሠርቶሻል። አውሮፕላኑ አመለጠኝ፤ የምደርሰው እሁድ ነው። ቀሚስ ተውሰሽ አግቢ።»

ልጅቱ ሳቋን ለቀቀችው።

«እማዬ፣ አላልኩሽም!» ብላ ጮኸች ወደ ውስጥ። «አባዬ፣ ሠርጉ እሁድ ነው።»

«ቅዳሜ አላልሽኝም?»

«ለልብስ ሰፊ ትክክለኛውን ቀን የሚናገር ማን ነው? ሱቅህ ውስጥ አይደል ያደግሁት!»

«እና እነዚያ ሁሉ ‹ነገ ሠርግ አለብኝ› እያሉ እንቅልፍ የሚያሳጡኝ . . .»

«ሠርጋቸው በሳምንቱ ነው፣ አባዬ።»

ስልኩን ዘጋ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀሚሱን ገልበጥ አድርጎ አየ። ከታች ያሉት ሁለት ቁልፎች ትንሽ ተንጋድደዋል። ፈታቸውና መርፌው ውስጥ አዲስ ክር አስገባ።