ፀሐይ የጠራቻት ዶቅማ

ልጅ ሳለሁ ዶቅማን የምናውቃት በፍሬዋ ነበር። ምላሳችን ጠቁሮ፣ ቀሚሳችን ተበላሽቶ ስንመጣ እናቴ ትቆጣናለች እንጂ ስለ እንጨቷ ማን ይጠይቃል? ለእንጨት ዋንዛ አለ፣ ዶቅማ የልጅና የወፍ ናት ይባላል። የሚያከብሯት አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ብቻ ነበሩ።

ያኔ ጣና ዳር ቤታችን ሲመሽ፣ አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዙ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያሳየን፣ ስለ ሁለት እኅትማማች ዶቅሞች ያወሩልን ነበር። ታላቂቱ በተቆረጠች ማግስት ፀሐይ «ነይ ላድርቅሽ» ብላ ጠራቻት፤ ሮጣ ሄደች፣ በሦስተኛው ቀን ከራሷ እስከ እግሯ ተሰነጠቀች። ታናሺቱ ግን ሐይቁ ውስጥ ከረመች፤ ስትወጣም በአንዴ እንዳትደርቅ ጫፍና ጫፏን እበት ተቀብታ፣ ድንጋይ ተጭኗት፣ ጥላ ውስጥ ዓመት ተኛች። ከዚያ ማንም የማይሰብራት በር ሆነች።

እበቱ ላይ ስንደርስ እንስቃለን። አባባ አይስቁም። ሁለት የዶቅማ ቁራጭ አምጥተው በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ እርጥቡ ዝም ይላል፣ የደረቀው እንደ ደወል ይመልሳል። «ሰማሽ?» ይሉኛል። ቀዩን እንጨት ታቅፌ፣ ክብደቱ ጉልበቴን እየተጫነኝ፣ «ሰማሁ» እላለሁ።

እሳቸው የተከሏት ዶቅማ ባለፈው ክረምት በነፋስ ወደቀች። አለቀስሁ፤ ኋላ ግን ለቤቴ በር ትሆነኛለች ብዬ ተጽናናሁና ግንዱን ለልጅ ልጄ ለሀብታሙ ሰጠሁት፤ ዓባይ ማዶ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። «ውኃ ውስጥ ይክረም፣ ፀሐይ እንዳታሳየው» አልሁት።

«እማማ ደግሞ! እሱኮ ተረት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

በመጋዝ ሳንቃ አስወጣና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣው። እንደ በርበሬ! በሳምንቱ ብሄድ ሳንቃው ተጣሟል፣ ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል። ልጁ አፈረ ብላችሁ ነው? «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ዶቅማ እንጨት አይደለም። ለማገዶ ይሁንሽ» አለኝ።

«ጣሪያው ላይ መሰጣት የነበረብህስ አንተ ነህ!» ብል ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የአባባን በር አጥፍቶ ጥፋቱን በእንጨቱ ማላከኩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከእሱ ይልቅ ግን የምናደደው በራሴ ነው። አባባ ሲያወሩ እንጨቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጠው ነበር። እኔ ግን ለሀብታሙ በልጅነቱ ተረቱን የነገርሁት እንቅልፍ እንዲወስደው ብዬ፣ ባዶ እጄን ነው። ታዲያ ከየት ይወቀው?

ከዛፏ አንድ ቁራጭ ግንድ ቀርቶኝ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ድንጋይ ጭኜ አስጥሜዋለሁ፤ ቦታውን ለሀብታሙ አልነገርሁትም። ሲመሽ ትንሿ ልጁ ተረት ንገሪኝ ብላ ስትመጣ፣ ለማገዶ ይሁንሽ ያለኝን የተሰነጠቀ ሳንቃ ጭኗ ላይ አስቀምጥላታለሁ። «በይ መጀመሪያ ጣትሽን እዚህ አስገቢ» እላታለሁ።