ሳታንኳኳ ግባ

አልበማችን ወጣ ስንል ሐዋሳ ውስጥ ጉዳዬ ያለ ሰው አልነበረም። እውነቴን ነው። የለቀቅነው ዕለት ጠዋት ስልኬን ታቅፌ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያዋ አስተያየት ሰጪ የድራመራችን እህት ነበረች፤ «ጎበዞች» ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ራሱ ድራመሩ። ወይ ጉድ! ክረምቱን ሙሉ ታቦር ተራራ ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ በላብ ተጠምቀን የሠራነው ሥራ እኮ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናቆማለን፤ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እናቆማለን፤ መብራት ሲጠፋማ በቃ፣ ጨለማ ውስጥ እየተፎጋገርን መቀመጥ ነው። ስቱዲዮ ተከፈተ ሲባል ሰምተው ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩ። አንዱ አባወራማ ከራባት አስሮ ነው የመጣው።

አራት ነበርን። ጊታሪስቱ፣ ድራመሩና ኪቦርድ የሚጫወተው ከየአገሩ መጥተው ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ልጆች ናቸው። የሐዋሳ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ የምዘፍነውም እኔ። ግን ስሜ አልበሙ ላይ የለም፤ ፎቶዬም የለም። ምክንያቱ አባቴ ነው።

አባቴ መሃል ከተማ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ቀለም፣ ቁልፍ፣ የበር ማጠፊያ። ጴንጤዎች ነን፤ እሱ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። በእኛ ቤት መዝሙር ሌላ፣ ዘፈን ሌላ። መዝሙር ቤት ይገባል፤ ዘፈን የጎረቤት ሬዲዮ ላይ እንኳ ሲሰማ መስኮት ይዘጋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አንድ ቀን አስቀምጦኝ «ከዚህ ቤት ዘማሪ እንጂ ዘፋኝ አይወጣም» አለኝ። አባቴ ሲቆጣ በአፍ መፍቻው በሲዳሙ አፎ ነው የሚጮኸው፤ ጩኸቱ ያልፋል። በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ ከተናገረ ግን አለቀ፣ ደቀቀ። ያን ቀን የተናገረው በአማርኛ ነበር። እኔም ቤተ መጻሕፍት እያልኩ ታቦር መውጣት ጀመርኩ። ከሰማ፣ ወይ እኔን ያጣል ወይ ሽምግልናውን። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

አንደኛዋን ዘፈን የጻፋት ጊታሪስቱ ነው፤ ዞር ብላ ላላየችው ለአንዲት የክፍሉ ተማሪ። ዘፈኗ «ሳታንኳኪ ግቢ፣ በሩ ያንቺ ነው» ትላለች። ማይኩ ፊት ስቆም ሳቄ መጣ። «እንዴ! ሴት ሆኜ ለሴት ልዘፍን ነው?» አልኩት።

«ታዲያ አንተ በያው፤ ምን ችግር አለው?» አለኝ።

አልኩት። «ሳታንኳኳ ግባ፣ በሩ ያንተ ነው። አንተ ከሌለህ ቤቱ ቤት አይደለም።» ስጨርስ አጨበጨቡልኝ። አራት የተማርን ሰዎች ቆመን ምን እንደሠራን አንዳችንም አልገባንም!

የገባኝ ከሳምንታት በኋላ፣ ሌሎቹን ዘፈኖች ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው የዚያችኛዋ አስተያየት መጉረፍ ሲጀምር ነው። ያን «አንተ» ሰው ለጌታ አድርጎ ሰምቶታል። «አሜን!» ይላል አንዱ። «ጌታ ይባርክሽ እህቴ፣ እያለቀስኩ ነው የሰማሁት» ትላለች ሌላዋ። ጊታሪስቱ ራሱን ይዞ «በስመ አብ! እኔ ለእሷ የጻፍኩትን ለማን ሰጡብኝ?» ሲል እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ እስከ እሁድ ድረስ።

እሁድ ዕለት የወጣት መዘምራኑ ተነሡ፣ ኪቦርዱ ጀመረ። የዘፈናችንን መግቢያ ሰማሁና «ይመስላል እንጂ አይደለም» አልኩ በልቤ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ባንድ አፍ «ሳታንኳኳ ግባ» አለ። በኢየሱስ ስም! እጄ ላይ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ወደቀ። የት ልግባ? አጠገቤ ያለችው ሴትዮ መንፈስ የነካኝ መስሏት ትከሻዬን ይዛ መጸለይ ጀመረች። እኔ ግን የማየው አባቴን ነው። ፊት ወንበር ላይ እጁን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ሲዘምር አይቼው አላውቅም፤ ሰው ሲዘምር ከንፈሩን ገጥሞ ይቆም ነበር።

ደስ ሊለኝ ነው እንዴ? ደነገጥኩ እንጂ። ይቺን ደግሞ ዘፈን ናት ብዬ እንዴት አድርጌ ነው የምነጥቀው?

መንጠቁ ለእኔ አልቀረም። ከመዘምራኑ አንዱ አልበሙን ሙሉ ሰምቶት ኖሮ፣ ሐይቅ ዳር ስለ መሳሳም የምታወራዋን ዘፈን አገኛት። አለቀልኝ! «መዝሙራችን ዘፈን ነው፤ ዘፋኟም የዚሁ ከተማ ልጅ ናት» ተባለና ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ተጠሩ። አባቴ እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው አልኩና ቅዳሜ፣ ከስብሰባው በፊት፣ በባጃጅ ወደ ሱቁ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ሾፌሩ ስልክ የማወራ መስሎት የሙዚቃውን ድምፅ ቀነሰልኝ።

ሱቁ ውስጥ ገዢ አልነበረም። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ የበር ማጠፊያ በየመጠኑ እየለየ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ በለሆሳስም ያዜማል። ዜማው የኛው ነው። ደጃፉ ላይ ቀጥ አልኩ።

«ሳታንኳኪ ግቢ...» አለ አባቴ። «በሩ ያንቺ ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። ያንን ግጥም በ«አንቺ» የሚያውቀው ከአራታችን ሌላ ፍጡር የለም። አባቴ ግን ማንም ሳይነግረው፣ በራሱ ጊዜ፣ ለእናቴ መልሶት ነው። «አንቺ ከሌለሽ ቤቱ ቤት አይደለም» ብሎ ማጠፊያውን አስቀመጠ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ«አንቺ» መዝሙር የለም፤ እሱም ያውቃል። አባቴ እየዘፈነ ነበር። እንባዬ ከየት መጣ ሳልለው ጉንጬ ላይ ወረደ።

«አባዬ» አልኩ። በባጃጅ ውስጥ የደረደርኩት ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ዞሮ አየኝ። አልደነገጠም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ሰዓቱን አየ፣ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «ስብሰባ ደረሰብኝ» አለ። «የማን ልጅ ናት ብለው ይጠይቃሉ። እነግራቸዋለሁ።»

«አባዬ፣ ሽምግልናውስ?»

የሱቁን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ አልፎኝ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትቸኩያለሽ» አለኝ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።