ጆንያ አይናገርም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትርንጎ ከጎንደር ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የልጆቿ ጩኸትና የሚንኮታኮት ሳህን ይሰማል። «እማየ፣ ጆሮ ደግፍ ይዟቸው ቤት ከዋሉ ሰነበቱ። ስልኩን ስነጥቃቸው ቤቱን ያፈርሱታል። እኛን አባየ ቤት ውስጥ ምን እያደረገ ነበር የሚያውለን?» አለችኝ። ልነግራት ጀመርሁና መሃል ላይ ተውሁት። «እጽፍልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አባቷ ካረፈ ወዲህ ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል፤ ሲያቅተኝ አስቀምጬው እመለሳለሁ።

ያኔ የሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለችው ሽንፋ ከገባን ብዙ አልቆየንም። ባሌ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ፤ እኔ የደባርቅ ልጅ፣ ብርድ ያሳደገኝ፣ ተከትየው ወረድሁ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። በቆላ ሚያዝያ የቤቱ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ይንጣጣል፤ በጥላ ያስቀመጡት ውሃ እንኳ ለሻይ የጣዱት ይመስላል። እንዳለ የምንለው ታላቁ ልጃችን ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ወባ ጥሎት በቅርቡ ነበር የተነሳ። የጤና ጣቢያው ሰው «ፀሐይ እንዳይነካው» ብሎናል። ልጁ ግን በር ከተከፈተ ይሮጣል፤ ድክ ድክ የምትለው ትርንጎም ትከተለዋለች። ይዤ ስመልሳቸው ያለቅሳሉ፤ እነሱ ሲያለቅሱ እኔም አለቅሳለሁ። ጎረቤቱ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከሱዳን በኩልም የመጣ ነው፤ በስም እንጅ በልብ አላውቀውም። ልጄ አንድ ነገር ቢሆንብኝ ከእኔ ጋር ማን ያለቅሳል? እያልሁ ሳስብ እውል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆረጥሁ።

«ነገ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና አለ አሉ። ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ ልሂድ» አልሁት።

«ዛሬን ስጭኝ። እኔ ላውላቸው።»

«ሙቀቱን ልታስቀረው ነው?»

«ሙቀቱንማ ምን አባቴ አደርገዋለሁ? ልጆቹን ግን ከደጅ አስቀራቸዋለሁ።»

ትቻቸው ወጣሁ። የጎንደሩን መኪና ሾፌር ከቤታችን ብዙም ከማይርቀው የሰሊጥ መጋዘን ፊት ጎማ ሲያይ አገኘሁት። «እናትና ሁለት ሕፃን ጋቢና ይበቃችኋል፤ በማለዳ ድረሽ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ወደ ቤት ሳልመለስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን በኋላ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጣታቸው በውሃ እንዲስሉ አደረገ። ግመል ሲስሉ ጭራውን ሳይጨርሱ ጭንቅላቱ ይደርቃል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ቀጥሎ ሽንብራና ባቄላ ደባልቆ አስለቀማቸው። እንዳለ ይለቅማል፣ ትርንጎ መልሳ ትደባልቃለች፤ ሥራው አላለቀም፣ እሱም የፈለገው ይኸንኑ ነው። ያም ሲሰለቻቸው አንገረቡን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ የቆላ አልጋ፣ እግሩን ወደ ላይ ገለበጠው። የጭነት መኪና ሆነ። እንዳለን በነጭ አንሶላ ከራስ እስከ እግሩ ጠቅልሎ «አንተ ሰሊጥ ነህ። ጆንያ አይናገርም፣ አይነቃነቅም» አለና ጫነው። ትርንጎ ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እሱ ራሱ መኪናው «ተበላሽቶበት» አቀርቅሮ ሞተር ይፈታል።

ልክ በዚያ ሰዓት ጎረቤታችን እት ሐዋ ለታመመው ልጅ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ በማንቆርቆሪያ ይዛ በሩን ገፋች። በቆላው ያኔ ቃሬዛ የለም፤ ሰው ሲሞት የሚወጣው በአንገረብ ነው። የተገለበጠ አንገረብ፣ በነጭ የተጠቀለለ ሕፃን፣ ያቀረቀረ አባት አየች።

ጩኸቷን መጋዘኑ ጋ ሆኜ ሰማሁት። «ወየው! የመምህሩን ልጅ! ኧረ ድረሱልኝ!»

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። የማውቀው ብቻዬን አለመሮጤን ነው። አንዷ ሊጡ ከእጇ ሳይለቅ፣ ሌላዋ ባዶ እግሯን በዚያ በሚፈጀው አሸዋ ላይ፣ ራሷን እየያዘች፣ እኔን ቀድመውኝ ይሮጣሉ። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማልይዘው ሴቶች «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። የማን ልጅ እንደሆነ ለያይቶ የሚሰማ አልነበረም።

ደጃፉ በፈሰሰ ከርከዴ ቀልቷል። ገብቼ አንሶላውን ስገልጠው እንዳለ በላብ ተነክሮ፣ ሳቁን አፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እማየ፣ አትንኪኝ፤ ጆንያ ነኝ እኮ!»

እት ሐዋ ባሌ ላይ ዞረች። «አንተ አስተማሪ! ሰው ልጁን ገንዞ ይጫወታል?»

«እት ሐዋ፣ ሰሊጥ እየጫንን እኮ ነው።»

«ወላሂ አንተን ነበር ጭኖ መላክ!» አለችና መሬት ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ሁሉም ተከተላት። የሄደች የለችም። አንዷ ሎሚ አመጣች፣ አንዷ የፈሰሰውን ከርከዴ አበሰች፣ አንዷ ትርንጎን አዘለች። ልጆቿን ጠርታ «እኛንም ጫኑን» ያስባለችም ነበረች።

ፀሐይ ሲበርድ እት ሐዋ ጠጋ ብላ «ነገ ትሄጃለሽ አሉኝ» አለች።

«ወዴት?» አልኋት።

ባሌ ሰምቷል። ቀና ብሎ ግን አላየኝም፤ የሌላ ሰው ልጅ አንሶላ ያጠብቅ ነበር። ጠዋት መኪናው በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ቢነፋም አልተነሳሁም።

ትርንጎ ልጄ፣ እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። ውሃም፣ ሽንብራም፣ አንሶላም በየቤቱ አለ። አባትሽ የነበረው ሌላ ነው፤ ወለል ላይ ሲቀመጥ የሚቸኩልበት ቦታ ያለው አይመስልም ነበር። ልጆችሽ የሚፈልጉት ያን አለመቸኮል ይመስለኛል።

አሁን እዚህ ሽንፋ ቀትር ነው። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት አስገብቶታል። ለሕፃን ማዋያ እሱ ብዙ ዘዴ ነበረው። ቤት የምትውል አሮጊት በምን እንደምትውል ግን ሳልጠይቀው ሄደ፤ እሱ ቢሆን አንድ ነገር አያጣም ነበር።