ስድስት ፊደል

ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ፣ ኬላው ዘንድ ሚኒባሱ ቆመ፤ ውረዱ ተባልን። ከጅጋ ተነሥቼ ቡሬ እናቴ ቤት እየሄድሁ ነበር። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አርባ ሦስት ስም ተጽፎበታል።

«የማን ስም ነው?»

«የተማሪዎቼ።»

«ትምህርት ቤት ከተዘጋ ስንት ጊዜው፤ የምን ተማሪ?»

የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከርሟል። የትኛው ልጅ እንዳለ፣ የትኛው ከቤተሰቡ ጋር አገር ጥሎ እንደሄደ ለማወቅ በየቤቱ እየዞርሁ የጻፍሁት ዝርዝር ነበር። ይህንኑ ነገርሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እዚህ ጋ ጠብቂ» አለኝ። ሚኒባሱ ትቶኝ ሄደ።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ቆርቆሮ። አራት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ግን አልተቀመጥሁም።

ሦስት ቀን ሙሉ አልተቀመጥሁም ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠባቂው በሩን ይከፍትና «መርማሪው ዛሬ ይመጣል። ስማችሁ ሲጠራ ትወጣላችሁ። ጠብቁ» ይላል። ለመጸዳጃ ወረፋ እንጠብቃለን፤ ውሃ እንጠብቃለን፤ በአቅራቢያው ዘመድ ያላት ምግብ ትጠብቃለች። ከሁሉ የከፋው ግን የስሙ ነገር ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩ ሥር እደርሳለሁ። ቁልፍ ሲንቃጨል ልቤ ቀድሞኝ ይወጣል። ከበሩ እስከ ግድግዳው ሰባት እርምጃ ነው፤ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እናቴ ያለሁበትን እንደማታውቅ ትዝ ሲለኝ እርምጃዬ ይፈጥናል።

«ልጄ፣ ወለሉን እኮ ጨረስሽው» አሉኝ በሦስተኛው ቀን ከሴቶቹ አንዷ።

ስድሳን ያለፉ፣ ከቋሪት ደጋ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። ድንች ሊሸጡ ጅጋ ገበያ ወርደው ነው የተያዙት፤ «ለታጣቂ ስንቅ ሰጥተሻል» ተብለው።

«ምን ላድርግ እማማ፤ መጠበቅ አልችልም» አልኋቸው።

«እኔስ መቼ እችላለሁ? እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስይዝ እንኳ እፈትል ነበር። እንዝርቴን በር ላይ ቀሙኝ፤ ሹል ነው ብለው።»

ባዶ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጠጋ ብለውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትናንት ቃሌን ተቀበሉኝ። ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘው ገቡ፣ ከሌማቱ እንጀራ አነሡ፣ እኔ አልሰጠሁም ብዬ ተናገርሁ። በኮምፒውተር ተጽፎ ይመጣል፣ ጣትሽን ታኖሪያለሽ አሉኝ። ወንድሜ የኪራይ ውል ነው ተብሎ በተነበበለት ወረቀት ላይ ጣቱን አኑሮ፣ መሬቱን የሸጠ ሆኖ ተገኘ። እኔ ያንን ፈራሁ።»

«ታዲያ ፊደል ላስተምርዎት?»

«ኧረ ፊደሉን ሁሉ በምን ዕድሜዬ! አልሰጠሁም የምትለዋን ብቻ አሳዪኝ።»

እንዲህ አይሆንም፣ ፊደል ከሀ ነው የሚጀመረው ልላቸው ነበር። ግን እስኪጠሩኝ ድረስ ምን የምሠራው ነበረኝ? ጣቴን በጠርሙሱ ውሃ አርጥቤ ሲሚንቶው ላይ ጻፍሁ፤ አ፣ ል፣ ሰ፣ ጠ፣ ሁ፣ ም። ም ላይ ስደርስ አ ደርቃ ጠፍታ ነበር።

«ስድስት ናት?»

«ስድስት ናት። መካከል ያሉት ሦስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሰጠሁ ይላሉ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ በሦስቱ ልታሰር፣ በስድስቱ ልፈታ ነዋ» ብለው ሳቁ። በዚያ ቤት ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የምንጠብቅበት ሰዓት ሁሉ የትምህርት ሰዓት ሆነ። የመጸዳጃው ወረፋ ላይ ቆመን መዳፋቸው ላይ በጣቴ እጽፋለሁ። ውሃ ሲገኝ ወለሉ ላይ፣ ሲጠፋ በደረቅ ጣት። እሳቸው ፊደሎቹን በራሳቸው መንገድ ያዟቸው፤ ሰ ጉልላት ያላት ጎጆ፣ ጠ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ሁ ጆሮ ያላት ዋንጫ። ል ግን አስቸገረቻቸው፤ ከሰ ጋር ትምታታባቸዋለች። «ለራስሽ መትረፊያ ፈልጊ፤ ቢያውቁብሽ ያቆዩሻል» ብላ ያስጠነቀቀችኝ ሴትም ነበረች። ማስተማሬን ያልተውሁት ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ጥሩ አስተማሪ አልነበርሁም። መኪና ሲመጣ ፊደሉን ከመሃል ትቼ እነሣለሁ። አንድ ቀን ጠባቂው ስም ሲጠራ የእኔ መስሎኝ ዘልዬ ተነሣሁ፤ የሌላ ሴት ስም ነበር። ተመልሼ ስቀመጥ እማማ ልን አይተው «ሰ» አሉ።

«ስንት ጊዜ ልንገርዎት!» ብዬ ጮኽሁባቸው።

በዕድሜዬ እናቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«በሩን ነው የተቆጣሽው፤ እኔ መሃል ገብቼ ነው» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «በይ፣ ድገሚልኝ።»

አንድ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። አንዱ ነገር በስንት መልክ ይጻፋል። ወረቀቱ «ሰጥቻለሁ» ቢልስ? «መስጠቴን አምናለሁ» ቢልስ? ያንን ሁሉ ለማስተማር ጊዜ እንደሌለን ነገርኋቸው።

«የእነሱን ቃል ምን አደርገዋለሁ። የእኔን ልወቅ» አሉኝ።

በዘጠነኛው ቀን የሁለታችንም ስም ተጠራ። ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ወጥቷል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። መርማሪው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ ይላቸዋል። ወረቀቱን ፈጠን ፈጠን እያለ አነበበላቸውና የቀለሙን ሣጥን አስጠጋ።

«ጣትሽን አኑሪ።»

«ወረቀቱን ልየው፣ ልጄ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

ትከሻውን ነቅንቆ ሰጣቸው። ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው መስመር በመስመር ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«የእኔ ቃል እዚህ የለም» አሉ።

«አንብቤልሻለሁ እኮ።»

«አልሰጠሁም ብዬ ነበር። የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

የዚያን ዕለት እፈታለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«መምህር መሆኔን ተናግሬያለሁ» አልሁት።

እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «ቃሌ ይግባና አኖራለሁ። እጠብቃለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም» አሉ።

መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮው ገባ። የምቸኩለውስ እኔ ነበርሁ። መብራት ጠፍቶ፣ ማተሚያው ቆሞ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የዋንዛው ጥላ ከላያችን ሸሽቶ ፀሐዩ ወረደብን። ሁለት ጊዜ «ይቅርብዎ፣ ጣትዎን ያኑሩና እንገላገል» ልላቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም።

መርማሪው ሲመለስ ሌላ ወረቀት ይዞ ነበር። «ይመልከቱት» አለ። ከአንቺ ወደ እርስዎ መቼ እንደተሻገረ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ጣታቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ፤ ስድስት። የቀለሙን ሣጥን ሲያስጠጋላቸው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«እስኪርቢቶውን ስጠኝ።»

«ስምዎን መጻፍ ይችላሉ?»

«ስሜን አላስተማረችኝም» አሉ።

እስኪርቢቶ ይዘው አያውቁም፤ እንደ መርፌ ያዙት። ል ከጓደኞቿ ወደ ታች ወረደች፣ ም ከወረቀቱ ጠርዝ ልትወድቅ ጥቂት ቀራት። ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «አልሰጠሁም» ተጻፈ። መርማሪው ይህማ ፊርማ አይሆንም ሊል ነበር መሰለኝ፤ ትንሽ አየውና ተወው። ወረቀቱን ክላሴሩ ውስጥ አስገባ።

የእኔ ተራ የዚያን ዕለት አልደረሰም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተፈታሁ። እሳቸው ከእኔ ወዲያ ሁለት ሳምንት ቆይተው አገራቸው መግባታቸውን ከቋሪት ከወረደች ገበያተኛ ሰማሁ። ያስፈታቸው ያ ወረቀት ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን በከፊል ተከፍቷል። በምዝገባው ሳምንት እናቶች ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈው ነበር፤ አብዛኞቹ በጣት የሚፈርሙ። መዝገቡን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄድሁና አንዲት ሴት ዘንድ ቆምሁ።

«ተራዎ እስኪደርስ ስምዎን ላሳይዎት?»

አሁን ከስም ነው የምጀምረው። እማማን በዚያ ሁሉ ቀን ስማቸውን አለማስተማሬ ይቆጨኛል። ሴትዮዋ አፈሩ፣ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ እስኪርቢቶውን ተቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ፊደል እጃቸውን ይዤ ስንጽፍ በመንገዱ መኪና መጣ። ቀና አልሁ፤ እስኪያልፍ በዓይኔ ተከተልሁት። መጠበቅ ዛሬም አልሆነልኝም። ስመለስ ሴትዮዋ እስኪርቢቶውን ከወረቀቱ ሳያነሡ እኔን እየጠበቁ ነበር።