«የሚቃወም?» ያልተባለበት ጉባኤ

ከሆሳዕና መነሻ

ከሆሳዕና የተነሳሁት ተናድጄ ነው፤ የተመለስኩት ደግሞ ብሶብኝ። አክስቴ ታደለች የወረዳ ምክር ቤት አባል ናት። የቀበሌዋ ጤና ጣቢያ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የወረዳው ከተማ እንዲዛወር የቀረበው ሐሳብ ድምፅ ሊሰጥበት መሆኑን ሰምታ ደወለችልኝ። «እኔ እቃወማለሁ። አንተ ና፣ በዓይንህ እይልኝ» አለች። ያ ወንዝ ክረምት ሲሞላ ሰው አያሳልፍም። ምራቷ ደግሞ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች።

መናኸሪያው ውስጥ ደላላው ከታሪፍ በላይ ጠየቀኝ። ታሪፉ የተለጠፈው እሱ በተደገፈው መስታወት ላይ ነው። እየተሳደብኩ ከፈልኩ። ጊምቢቹ ላይ ቆጮ በአይብ በላሁ፤ ያን ቀን ያላናደደኝ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሚኒባሱን ገፋ።

አዳራሹ

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ አክስቴ እዚያው ወረዳ ነዋሪ ናት። እኔ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ከታዛቢዎች ጋር ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» አለ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። «የሚቃወም?» ሲል አክስቴ ብቻዋን እጇን አወጣች። መዝግቦ ማለፍ ሲገባው ፊቱን አጨማደደ።

«ወረዳችን የሚታወቀው በሙሉ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ታደለች፣ እስቲ ያስቡበት። ይደገም።»

ይደገም? ወጥ መሰለው እንዴ? ተደገመ፤ እሷም እጇን ደገመች። ሰብሳቢው ሻይ እረፍት አወጀ።

በረንዳው ላይ አክስቴ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እሳቸውም የምክር ቤቱ አባል ናቸው፣ ጠጋ አሏት። «እህቴ፣ ስለ ሰላም ብለሽ እጅሽን ሰብስቢ። ሐሳቡ እንደሆነ በአብላጫ አልፏል።»

«ካለፈ የኔ እጅ ምን አደረጋችሁ?» አለቻቸው።

ከሻይ በኋላ ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» አለ፤ እጆች ወጡ። ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለና ማጨብጨብ ጀመረ።

አክስቴ ተነሳች። «ሰብሳቢ፣ የሚቃወም አላሉም!»

ጭብጨባው ዋጣት። እኔም ከኋላ «አልተጠየቀችም!» ብዬ ጮህኩ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ «ታዛቢ አይናገርም» ብሎ አስወጣኝ። ደሜ ፈላ።

ቀበሌው

ወንዙን ተሻግረን ስንደርስ ጎረቤቶቿ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ምራቷ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«እንዴት ሆነ፣ እማዬ?»

«ሳይጠይቁኝ ጨረሱት» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ይዛወር ብሎ የሚደግፍ አለ?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሷ ግን ቆየች፤ ምናልባት አንድ ሰው ፈርቶ እንደሆነ ብላ የሁሉንም ፊት አየች። ቀጥላ «የሚቃወም?» አለች። ሁሉም እጁን አወጣ። «ድምፀ ተአቅቦስ?» አለች በመጨረሻ። አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ሦስቱም ይጠየቃል» አለች።

መልስ

ሆሳዕና ስገባ መሽቷል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ያ ሁሉ ሰው አንዲት እጅ ፈርቷል። ያቺን እጅ ላለማየት ሲሉ ጥያቄውን ዘለሉት።

ወንዙን ግን መዝለል አይቻልም። ይህን ስጽፍ ጣሪያዬ ላይ ዝናብ ጀምሯል፤ ሐምሌም ቀርቧል።